የሸክላ ግመልና ሸክላ የጫነ ግመል

የአንድን ሕዝብ የኋላ ታሪክ ለማጥናት ጽሑፍ ዋነኛው ማስረጃ ቢሆንም ብቸኛው ማስረጃ አይደለም። ብራና ይበሰብሳል፣ እንጨት በምስጥ ይበላል፣ ብረት ይዝጋል፤ በእሳት የበሰለ አፈር ግን ቢሰበርም አይጠፋም። ስለዚህም ገል፣ ማለትም የሸክላ ስባሪ፣ ጸሐፊ ያልነበራቸው ማኅበረሰቦች ሁሉ መዝገብ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ሰፊ መዝገብ አንዱን ገጽ ይመለከታል፤ ይኸውም በሸክላ ስለሚቀረጽ እንስሳ፣ በላዩ ስለሚፈስበት ግሌዝ የሚባል መስታወት መሰል ልባጥ፣ ይህም ጥበብ ከደገሀቡር፣ ከጅጅጋና ከአካባቢያቸው ታሪክ ጋር ስላለው ግንኙነት ነው።

ደገሀቡር የግመል አገር ነው። ስሙ በሶማሊኛ ድንጋይና ኮረብታ ከሚሉ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ ከተማው የሚገኝበት የጀረር ሸለቆ የአርብቶ አደሩ መንጋ መሰማሪያና መጠጫ ነው። ለዚህ ሕዝብ ግመል ወተቱና ሥጋው፣ ጓዙን የሚጭንበት መጓጓዣው፣ ለሙሽራይቱ ወገን የሚሰጠው ጥሎሹ፣ የሰው ሕይወት ሲጠፋም የደም ካሳው የሚቆጠርበት መለኪያው ሆኖ ኖሯል። የግጥሙም ዐቢይ ርእስ ነው፤ እረኛው ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳ ግመሎቹን ሲያጠጣ የሚያዜመው የሥራ ዜማ በሶማሊኛ ሥነ ቃል ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ይሁን እንጂ ግመልን በቃል ይህን ያህል ያከበረ ሕዝብ ግመልን በሸክላ ቀርጾ፣ ቀለም አፍስሶ የማስቀመጥ ልማድ አላዳበረም። በአንጻሩ ግመል ከበረሃ ማዶ ዕቃ ተጭኖ የሚመጣ እንግዳ በሆነባት በጥንታዊቷ የቻይና ዋና ከተማ በቻንግአን የሸክላ ግመል በብዛት ተሠርቷል። አርቢው ያልቀረጸውን እንስሳ ተመልካቹ እንዴት ቀረጸው? የዚህን ጥያቄ መልስ በተሰጥኦ ማነስና መብዛት ውስጥ መፈለግ ስሕተት ይሆናል። መልሱ የሚገኘው በአኗኗር፣ በንግድና በሥራ ክብር ታሪክ ውስጥ ነው።

በቻይና የታንግ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ618 እስከ 907 ገዝቷል። በተለይ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ8ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መኳንንትና ከፍተኛ ሹማምንት ሲሞቱ ከሸክላ የተሠሩ ፈረሶች፣ ግመሎች፣ አሽከሮች፣ ዘበኞችና ዘፋኞች አብረዋቸው ይቀበሩ ነበር። በልባጥ ያጌጡት ቅርጾች «ሳንጻይ»፣ ማለትም «ሦስት ቀለም» ተብለው ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ723 ከተቀበረው ከጦር አለቃው ከሺያንዩ ቲንግሁይ መቃብር፣ በ1957 በሺአን ከተማ ተቆፍሮ የወጣው ግመል በጀርባው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ሙዚቀኞች ተሸክሞ ይታያል፤ ከመካከላቸውም ጺማቸውና መልካቸው የመካከለኛው እስያ ሰዎች መሆናቸውን የሚመሰክር አሉ። በ728 የሞተው የጦር መሪ የሊው ቲንግሹን መቃብር ቅርጾች ደግሞ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙ ሲሆን፣ ረጃጅሞቹ አንድ ሜትር ያህል ቁመት አላቸው። አብዛኞቹ የታንግ ግመሎች ሁለት ሻኛ ያላቸው በመሆናቸው ከደገሀቡሩ ባለ አንድ ሻኛ ግመል የተለዩ ናቸው። ሆኖም አንገታቸውን አቅንተው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ የተቀረጹት ግመሎች ሠሪያቸው እንስሳውን በዐይኑ ተመልክቶ፣ ጠባዩን አጥንቶ መሥራቱን በግልጽ ያሳያሉ።

የሦስቱ ቀለማት አሠራር ለመምህሩም ለከያኒውም ትምህርት ሰጪ ነው። ቅርጹ ነጣ ካለ አፈር በክፍል በክፍሉ በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ ይገጣጠማል፤ ያለ ልባጥም መጀመሪያ በከፍተኛ ሙቀት ይበስላል። ቀጥሎ ከእርሳስና ከሲሊካ የተበጠበጠው ልባጥ ይፈስበትና ዝቅ ባለ ሙቀት እንደገና ወደ እቶን ይገባል። በልባጡ ውስጥ ብረት ሲጨመር ከማር እስከ ቡና የሚደርስ መልክ ይወጣል፤ መዳብ ሲጨመር አረንጓዴ፣ ማቅለሚያ ሳይጨመር ሲቀር የወተት መልክ ይሆናል፤ አልፎ አልፎም ኮባልት ገብቶበት ሰማያዊ ይገኛል። እርሳስ ያለበት ልባጥ ሲቀልጥ ወደ ታች ስለሚወርድ ቀለማቱ እየተንጠባጠቡ እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ። በግመሉ ጎን ላይ የሚታየው ውበት ከፊሉ የሰው፣ ከፊሉ የእሳት ሥራ ነው።

ከእነዚህ ማቅለሚያዎች ውስጥ ብረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእኛን እንስራ የሚያቀላው በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ነው። አየር በበዛበት እሳት ብረቱ ይቀላል፤ አየር ባጠረውና ጭስ በበዛበት እሳት ደግሞ ሸክላው ይጠቁራል። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና የነበሩት የሎንግኳን እቶኖች ያንኑ ብረት በጥቂቱ ወደ ልባጣቸው ጨምረው፣ አየር በተነፈገው ከፍተኛ ሙቀት ሲያበስሉት ሴላዶን የሚባለውን ለስላሳ አረንጓዴ መልክ አገኙ። እንግዲህ የእንስራው ቅላት፣ የታንግ ግመል ቡናማነትና የሎንግኳን ሳሕን አረንጓዴነት የአንድ ንጥረ ነገር ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። ልዩነቱን የፈጠሩት እቶኑ፣ ማገዶውና የሙያው አደረጃጀት ናቸው።

እነዚህ የመቃብር ቅርጾች ለማን ተሠሩ፣ በማንስ ተሠሩ የሚለው ጥያቄ መዘንጋት የለበትም። በመቃብሩ ውስጥ የሟቹ ማዕረግና ሥራ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ሲገኝ፣ ግመሉን የቀረጹት፣ ልባጡን የበጠበጡትና እሳቱን ያነደዱት ሠራተኞች ስም ግን አልተመዘገበም። ግመሉ ራሱ የጌታው ሀብት ምልክት ሆኖ ሐሩንና ውሃ መያዣውን እንደተጫነ ከመሬት በታች ገባ። እ.ኤ.አ. በ755 የጀመረውና እስከ 763 የዘለቀው የአን ሉሻን ዐመፅ አገሪቱን ሲያናውጥ ይህ ዓይነቱ የመቃብር ድግስ እየቀነሰ ሄደ፤ ግመሎቹም ከሺህ ዓመት በላይ ተረስተው ቆዩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሉዎያንግ አጠገብ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የቁፋሮ ሠራተኞች ዶማ እንደገና ወደ ብርሃን አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ በሉዎያንግ አካባቢ ያሉ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች የጥንቱን ቀለም አጥንተው ፈረስና ግመል በመሥራት ይተዳደራሉ። ገዢው መደብ በመቃብር የደበቀው ጥበብ በሠራተኛው እጅ ለሠራተኛው ተመለሰ ማለት ይቻላል።

እንስሳን በልባጥ ማስጌጥ ግን በቻይና ብቻ የተገኘ ጥበብ አይደለም፤ በአህጉራችን ከዚያ እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው። የግብፅ ባለሙያዎች ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ፋያንስ ከሚባል የተፈጨ ድንጋይ ጉማሬዎችን ቀርጸው በሰማያዊ ልባጥ ሸፍነዋል፤ በገላቸውም ላይ የወንዝ ዳር አበቦች ሥለዋል። በዛሬዋ ሱዳን በከርማ፣ በሁለተኛው ሺህ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአንበሳ ምስል ያለባቸው ባለ ልባጥ ጌጦች ሕንጻ ለማስዋብ አገልግለዋል። በባቢሎን ደግሞ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በዳግማዊ ናቡከደነፆር ዘመን የታነጸው የኢሽታር በር በሰማያዊ ጡብ ላይ በሬዎችንና ዘንዶዎችን ይዞ ነበር። የዓባይ ሸለቆ ጎረቤት የሆነው አገራችን ከዚህ ጥበብ ጨርሶ የራቀ እንዳልነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

ወደ ራሳችን አካባቢ ስንመለስ፣ የሸክላው ግመልና የእውነተኛው ግመል ታሪክ በንግድ መንገድ ላይ ሲገናኙ እናያለን። በታንግ ዘመን የነበረውና እ.ኤ.አ. በ863 የሞተው ጸሐፊ ዱዋን ቼንግሺ «ቦባሊ» ስለምትባል፣ ሊቃውንት ከበርበራ ጠረፍ ጋር ስለሚያዛምዷት አገር ጽፏል፤ ሕዝቧ ከብት አርቢ እንደሆነ፣ ከላም ሥር ደም ቀድቶ ከወተት ጋር እንደሚጠጣም አውስቷል። በ1225 ደግሞ የወደብ ንግድ ተቆጣጣሪ የነበረው ዣው ሩጓ ስለዚሁ ጠረፍ ሲጽፍ የግመሉንና የበጉን ብዛት፣ የግመል ወተት መጠጣቱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ሰጎኑንና ቀጭኔውን ጠቅሷል። ስለዚህ የቻይና ነጋዴና ምሁር የሶማሌን የግመል አገር በወሬም ቢሆን ያውቀው ነበር። ከዚያ የሚሄደው የዝሆን ጥርስና ሽቶ ሲሆን፣ በአረብና በሕንድ ነጋዴዎች እጅ እየተላለፈ የሚመጣው ሐር፣ ዶቃና ባለ ልባጥ ሸክላ ነበር።

የዚህ ንግድ ማስረጃ ከጅጅጋ ሩቅ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ በመንገዱ ላይ የፈረሱ የድንጋይ ከተሞች መኖራቸውን መዝግቧል። በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው ሚስዮናዊ አባ አዛይስ በሐረርና በጨርጨር የሐርላን ፍርስራሾች አጥንተዋል። ከዚያም አሌክሳንደር ከርል የተባለ እንግሊዛዊ በዛሬው ድንበር ወዲህና ወዲያ፣ አውባሬን ጨምሮ ከጅጅጋ በስተሰሜን በሚዘረጋው አገር ያሉትን የፈረሱ ከተሞች ዞሮ ተመልክቶ ውጤቱን በ1937 አሳተመ። መስጊዶች፣ የድንጋይ ቤቶችና መቃብሮች በነበሩባቸው በእነዚህ ስፍራዎች ከተለቀመው ገል መካከል የቻይና ሴላዶን ይገኝበታል። ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው በሐርላ ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርስቲው ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ባካሄዱት ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣ ጌጥ መሥሪያ ስፍራ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላም ተገኝቷል። የአካባቢው ሰው እነዚህን ታላላቅ ድንጋዮች የጥንት ግዙፋን ሰዎች ያነሷቸው እንደሆነ ሲተርክ ኖሯል፤ ቁፋሮው ግን ሠሪዎቹ እንደኛው ያሉ ነጋዴዎች፣ አንጥረኞችና ገበሬዎች እንደነበሩ አረጋግጧል።

አንድ ሴላዶን ሳሕን ከሎንግኳን እቶን ወጥቶ በመርከብ ሕንድ ውቅያኖስን ካቋረጠና ዘይላ ወይም በርበራ ከደረሰ በኋላ፣ ቀሪውን የበረሃ መንገድ ሊጨርስ የሚችለው በግመል ጀርባ ብቻ ነበር። በቻይና ግመል በሸክላ ተሠራ፤ በእኛ አገር ሸክላው በግመል ተጫነ። ሁለቱ የአንድ ታሪክ ሁለት ወገኖች ናቸው። በእነዚያ ከተሞች የነበረው ባለጸጋ አረንጓዴውን ሳሕን የማዕረጉ ማሳያ ሲያደርገው፣ የጫነው አውር፣ ማለትም የጭነት ግመል፣ እና የመራው ሰው በታሪክ ስም ሳያገኙ ቀሩ። በኋላ ከባሕር የመጣው ጥፋት ንግዱን መታው፤ ፖርቱጋሎች ዘይላን በ1517 አቃጠሉ፣ በርበራን በ1518 ዘረፉ። ከ1529 እስከ 1543 የተካሄደው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምና የክርስቲያኑ መንግሥት ጦርነት ሁለቱንም ወገን አደከመ። ከተሞቹም በዚያው ክፍለ ዘመን ተፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ የዘይላ የግመል ቅፍለት ዋና ሥራውን አጣ። በቻይና የባቡር ሐዲድ የሸክላውን ግመል ከመሬት ሲያወጣ፣ በእኛ ዘንድ በእነዚያው ዓመታት የጭነት ግመሉን ከገበያ አስወጣ።

እንግዲህ ልባጡ ለምን አብሮ አልተማረም? የመጀመሪያው ምክንያት የአርብቶ አደሩ አኗኗር ነው። ውሃና ሣር ተከትሎ የሚጓዝ ቤተሰብ ጓዙን በየጊዜው ይጭናል፣ ያወርዳል፤ ሸክላ ደግሞ ይከብዳል፣ ይሰበራል። ስለዚህ የሶማሌ ሴቶች ጥበባቸውን በሌላ መንገድ ገለጡት። ከሥርና ከልጥ ጎንጉነው ወተት የማያፈስ «ሐን» ይሠራሉ፤ ውስጡን በጭስ ያጥኑታል፤ ይህም ዕቃውን ያጸዳል፣ ለወተቱም ጣዕም ይሰጣል። ወንዶቹ ከእንጨት ሳሕንና የግመል ቃጭል ይፈለፍላሉ። ሸክላ ግን ጨርሶ አልተተወም፤ የማብሰያው «ዴሪ» አለ፤ ከሸክላ ወይም ከለስላሳ ድንጋይ የሚሠራው የዕጣን ማጨሻ «ደብቃድ»ም በየቤቱ ይገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥነ ቴክኒካዊ ነው። በደጋው አገር ሸክላ ሠሪዋ ሸክላዋን የምታበስለው በሜዳ ላይ፣ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር ነው። ልባጥ ግን እሳቱና ዕቃው የተለያዩበት፣ ሙቀቱ ለረጅም ሰዓት እኩል የሚቆይበት ዝግ እቶን ይፈልጋል። በሌላ በኩል ልባጥ የሌለው ሸክላ የራሱ ጥቅም አለው። እንስራው ውሃ የሚያቀዘቅዘው እርጥበቱ በገላው በኩል ስለሚተን ነው፤ ልባጥ ቢሸፍነው ይህ ጥቅም ይቀራል። ድስቱም በእሳት ላይ ሙቀቱን ችሎ የሚቆየው ገላው ዘርዘር ያለ በመሆኑ ነው። ሸክላ ሠሪዋ በጠጠር አሽታ የምታወጣው ወዝ፣ በቀይ አፈር የምትቀባው ቅላትና በጭስ የምታጠቁረው ጥቁረት ለሥራው የሚስማሙ፣ በልምድ የተፈተኑ መፍትሔዎች ነበሩ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ምክንያት ግን የሠሪዋ የኑሮ ደረጃ ነው። የሸክላ እንስሳ ሥራ በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሄንሪ ደ ኮንተንሰን በ1958 እና በ1959 በአክሱም አጠገብ በሐወልቲ ባካሄደው ቁፋሮ ከቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዘመን የቆዩ የከብት ምስሎችና የቤት አምሳያዎች በሸክላ ተሠርተው ተገኝተዋል። ይህን ያህል ጥንታዊ የሆነ ሙያ ባለቤቶቹን ሊያስከብር ይገባ ነበር። ነገር ግን በፊውዳሉ ሥርዓት ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ርስት ተነፍጎ፣ በቡዳነት ተጠርጥሮ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባና እንዳይቀበር ተለይቶ ኖረ። አፄ ይስሐቅ ከ1414 እስከ 1429 በነገሡበት ዘመን ያልተጠመቁትን ቤተ እስራኤል ርስት እንደከለከሉ ይተረካል፤ መሬት ያጣው ሰው ወደ ሸክላና ወደ ብረት ሥራ ተገፋ። በሶማሌ ማኅበረሰብም ዘንድ ብረት ሠሪውና ቆዳ ሠሪው ከሌላው ጎሳ ጋር እንዳይጋባ ተደርጎ ቆይቷል። ሸክላዋ በገበያ በምትይዘው እህል ልክ ስትለወጥ፣ ሠሪዋ ከዕለት ጉርሷ የሚተርፍ ነገር አላገኘችም። ከዕለት ጉርሱ የማይተርፈው ሠራተኛ አዲስ እቶን የሚሠራበት፣ አዲስ ልባጥ የሚሞክርበት አቅም ከየት ያመጣል? ባለጸጋው ደግሞ ባለ ልባጥ ዕቃ ሲፈልግ ከውጭ ያስመጣ ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያውን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ርስት አልባነቱ ግን በዐዋጁ አልተነካም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ለሸክላ ሠሪው ቤተሰብም የመሬት መብትን አመጣ። ንቀቱ ግን በሕግ ብቻ የሚነቀል አልሆነም። የጎንደሯ ወለቃ ለዚህ ምስክር ናት። በዚያ የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከእንስራና ከድስት አልፈው አንበሳን፣ ወፍንና የሰው ምስልን በሸክላ በመሥራት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዝና አትርፈዋል። አብዛኛው የሥራቸው ገዢ ጎብኚ ነበር፤ የውጭ ሰው በክብር ገዝቶ የሚወስደውን አንበሳ የሠራችውን እጅ ጎረቤቷ ይፈራት ነበር። ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ በመጨረሻም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ በብዙ ትውልድ የተከማቸ የእጅ ዕውቀት አብሯቸው ሄደ። በወለቃ ሌሎች ሴቶች ሥራውን ተረክበው መቀጠላቸው መልካም ነው፤ የጠፋው ግን ሁሉ አልተተካም።

ጥንታዊውን ሸክላና ዘመናዊውን ልባጥ ማገናኘት የሚቻል መሆኑን ያሳዩ ኢትዮጵያዊ ከያኒም አሉን። በ1935 እ.ኤ.አ. በነቀምት የተወለዱት ማሞ ተሰማ በአሜሪካ በአልፍሬድ ዩኒቨርስቲ የሴራሚክ ጥበብን ተምረው ተመልሰዋል፤ በብሔራዊ ሙዚየምም በኃላፊነት አገልግለዋል። በአንድ ሰው ሕይወት እቶኑና ሙዚየሙ፣ ማለትም አዲስ መሥራትና የጥንቱን መጠበቅ፣ ተገናኝተዋል። ሁለቱ መለያየት የለባቸውም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። የባህል ሠራተኛው በአውባሬና በሐርላ ሜዳ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ገል ከቦታው ከተነሣ ምስክርነቱ እንደሚጠፋ ለአካባቢው ሕዝብ ማስረዳት አለበት፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 የተገኘ ቅርስ እንዲታወቅ ያዝዛል። መምህሩ ልጆች ከጭቃ የሚሠሩትን በሬና ግመል እንደ ጨዋታ ብቻ ሳይቆጥር የቅርጻ ቅርጽ የመጀመሪያ ትምህርት አድርጎ ይቀበለው፤ አፈር በእሳት ለምን እንደሚቀላም በዚያው ያስተምር። ከያኒው ደግሞ የታንግን ግመል መቅዳት አይጠበቅበትም። የደገሀቡር ግመል አንድ ሻኛ፣ የራሱ አረማመድና የራሱ ጭነት አለው። ለቀለሙም ከፈረሱት ከተሞች ገል አረንጓዴውን፣ ከሐኑ የጭሱን ጥቁረት፣ ከእንስራው ቅላቱን ሊወስድ ይችላል። እርሳስ ያለበት ልባጥ መርዛማ ስለሆነ ለመብልና ለመጠጥ ዕቃ እንዳይውል፣ ሠራተኛውንም እንዳይጎዳ ጥንቃቄ ያሻል።

ከሁሉ በፊት ግን የሸክላ ሠሪዋ ስም ከሥራዋ ጋር ይጻፍ። በቻንግአን መቃብር፣ በአውባሬ ፍርስራሽና በወለቃ ገበያ የጎደለው አንድ ነገር ይኸው ስም ነው። ሠሪው በስሙ የሚጠራበት፣ በሙያው የሚከበርበትና ከሥራው የሚኖርበት ሁኔታ ሲፈጠር ልባጡም፣ እቶኑም፣ ግመሉም ይመጣሉ።